የተሳመው መቃን

ሊባኖስ የተሳሳተ በር ሳመ። ሌላው ጣጣ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በሩ የቤተ ክርስቲያን በር አልነበረም። ሆላንድ፣ ዴንሃግ ውስጥ፣ ከትራንስቫል ገበያ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከሱሪናም የመጡ ሂንዱዎች የሚያሠሩት የድንጋይ ቤተ መቅደስ በር ነበር። ሊባኖስ ደግሞ ሮተርዳም የሚያገለግል ዲያቆን ነው፤ የቄስ ልጅ፣ ራሱም ቅስናውን የሚጠባበቅ። እንዲህ ያለ ሰው የጣዖት ቤት በር ሲስም በቪዲዮ ቢቀረጽ ምን እንደሚከተል ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔ ፀዲ ነኝ። ዴልፍት ምህንድስና ተምሬ እንደጨረስኩ የገባሁበት የመጀመሪያ ሥራ ያ ቤተ መቅደስ ነበር። በጥንቱ ሥርዓት ስለሚሠራ ብረት የለበትም። ብረት ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይቀመጥና በራሱ ክብደት ይቆማል። ድንጋዮቹ ሕንድ አገር ተጠርበው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ በመርከብ ሮተርዳም ይደርሳሉ። የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚገጠም የምወስነው እኔ ነበርኩ። ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም፤ እናቴ ስታምጠኝ እንኳን ሐኪሙን ሳልጠብቅ ነው የወጣሁት።

ከመጡት ሣጥኖች አንዱ መንገድ ላይ ተንኮታኩቶ፣ የውስጠኛው መቅደስ በር መቃን ተሰብሮ ደረሰ። የጠራቢዎቹ አለቃ ጋንፓት የሚባል፣ ጢሙ የነጣ የሕንድ ሽማግሌ ነበር። ሌላ ከሕንድ እስኪመጣ ብዙ ወራት ይፈጃል አለን። እኔ ወራት የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። የጥንት የሆላንድ አብያተ ክርስቲያናትን ከሚያድስ ድርጅት አንድ ድንጋይ ጠራቢ እንዲላክልን ጠየቅሁ። የተላከው ሊባኖስ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ድንጋዩ ፊት ተቀምጦ አሳለፈው። መሮውን አላነሳም። ሄጄ በደች፣ ድንጋዩ ራሱ እስኪጀምር እየጠበቅህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሌሊቱን ቆሞ እንዳደረና ገና እንዳልነቃ ነገረኝ። የት ቆመህ አደርክ ብዬ አልጠየቅሁትም። ዞር ስል መዶሻው አዳልጦት አውራ ጣቱን መታው።

«እመቤቴ!» አለ።

«እመቤትህ ሄልሜትህን አድርግ ትልሃለች» አልኩት በአማርኛ።

ጣቱን አፉ ውስጥ እንደከተተ ቀና አለ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ።

«ጴንጤ ነሽ አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ኦርቶዶክስ ብትሆኚ መጀመሪያ ጣቴ ተጎድቶ እንደሆነ ትጠይቂኝ ነበር።»

«ጣትህ ይድናል። ሄልሜቱን አድርግ።»

አደረገው። ነገር ግን በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ያወልቀው ነበር፤ እኔም ያን ያህል ጊዜ ሄጄ እቆጣው ነበር። ኋላ ላይ ሆን ብሎ እንደሚያወልቀው ገባኝ። እኔም እንደገባኝ ያውቅ ነበር።

ሊባኖስ ለጋንፓት አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ነገረው፤ ፊት ያለው ነገር አልጠርብም አለው። ሽማግሌው ምንም አልመሰለውም። ፊት የእኔ ሥራ ነው ብሎ፣ ከመቃኑ ግርጌ የሚቆሙትን የወንዝ ሴት አማልክት ምስሎች ለራሱ ወሰደ። ከእነሱ ራስ ተነስቶ እስከ ጉበኑ የሚወጣውን ሐረግ ለሊባኖስ ተወለት።

ሊባኖስ ሐረግ የተማረው ከአባቱ የብራና መጽሐፍ ነው። ልጅ ሳለ ከየገጹ አናት ላይ እየገለበጠ ይስል ነበር። በዚያ መቃን ላይ የሕንዱን ቅጠል እንደታዘዘው ጠረበ፤ ግንዱ ግን ሳያስበው እንደ ብራናው እየተጠላለፈ ወጣ። አንድ ቀን ጋንፓት መጥቶ ጣቱን በግንዱ ላይ እያስኬደ ከታች እስከ ላይ ተከተለው። አፍርሰው ይለዋል ብዬ ፈራሁ። ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ምሳችንን ከቤተ መቅደሱ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ጋር ነበር የምንበላው። ጡረታ የወጣች አንዲት ሱሪናማዊት ነርስ ምስር ትሠራልን ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሊባኖስ ሳህኑን ይዞ፣ ቅቤ አለው ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ስትሰለች ለእሱ በዘይት ለብቻ ታበስልለት ጀመር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የዓይብ ዳቦዬን እገምጣለሁ።

«እናንተ እኮ ከነጫማችሁ ነው እግዚአብሔር ፊት የምትቀርቡት» ይለኛል።

«እናንተ ደግሞ ካልሲያችሁ እየሸተተ።»

«ላት ማር» ይላል በደች፤ ተዪው እንደማለት። ከዚያ ግን አይተወውም።

ሲጠርብ ያንጎራጉራል። ቅዳሴ ነው። መዶሻው ከዜማው ጋር ይወርዳል፣ ከዜማው ጋር ይነሳል። እኔ ያደግሁት በኪቦርድና በጊታር ስለሆነ ግእዙ አይገባኝም። ስቀርብ አፍሮ ዝም ይል ነበር።

«ቀጥል» አልኩት አንድ ቀን።

«አይገባሽም እኮ።»

«መዶሻው ይገባኛል።»

ቀና ብሎ አየኝ። አቧራ ቅንድቡ ላይ ነጥቶ ነበር። እንዲያ ሆኖ ቆየ፤ እኔም ውሃ ልኩን እንደያዝኩ ቆየሁ። ከዚያ ዓይኑን ሰብሮ ቀጠለ። እኔ ለምን ወደዚያ እንደመጣሁ ረስቼ ተመለስኩ።

አባቴ ጋሽ ወንድይራድ ሙርዋይክ ውስጥ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይታ የምታመልክ አንዲት ትንሽ ጉባኤ ሽማግሌ ነው። የሊባኖስ አባት ቄስ አሳምነው ካፔለ አን ደን አይሰል ይኖራሉ። እኔና ሊባኖስ ትራንስቫል ገበያ አብረን ብንታይ የእናቱ ጓደኞች ጎመን እየመረጡ ያዩናል። ሜትሮ ውስጥ ብንቀመጥ የእናቴ ጓደኞች ከታውስዞርኽ ሥራቸው፣ ቤት ለቤት አረጋውያን ሲንከባከቡ ውለው፣ ይሳፈራሉ። አምስተርዳም እንኳን ሄደን ብንቀመጥ የሚያየን ሁሉ የአንዱ ዘመድ ነው። ሀበሻ የማይረግጠው ብቸኛ ቦታ ያ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነበር። የእሱ ቤተ ክርስቲያን እኔን፣ የእኔም እሱን አታስገባም፤ ስለዚህ በጣዖት ቤት ተገናኘን።

ጣዖት ቤት ማለቱ ራሱ ልክ አልነበረም። ጋንፓት በተሰባበረ እንግሊዝኛው እንዳስረዳን፣ መቅደሱ ውስጥ የሚቆመው የአምላካቸው ምስል ዓይን የሚጠረበው መጨረሻ ላይ ነው። ቤቱ ተሠርቶ፣ በሩ ተሰቅሎ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጠራቢው ዓይኑን ይከፍትና ፊቱ ላይ መስታወት ይይዛል። እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋይ አይደለም፤ በጫማ አይገባም፣ እንደልብ አይወራም።

«እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ኃጢአት የለብንም» አለኝ ሊባኖስ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ እኔም አልገባም፤ አንቺም አትገቢም።»

እየሳቀ ነበር የተናገረው። እኔም ስቄያለሁ።

መቃኑ ሊቆም ሲቃረብ ከአጠገቤ ተቀምጦ መሮውን እየሳለ፣ አባትሽን አናግራለሁ አለኝ።

«ምን እንደሚልህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ያንተ አባትስ?»

«እሳቸውም የሚሉትን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታናግራለህ?»

«ዝም ብዬ ማወቅ ሰለቸኝ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማንም ሰው እንዲያ ያለ የፍቅር ቃል ነግሮኝ አያውቅም።

መቃኑ የቆመው በሚያዝያ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ነው። ክሬኑ ቀስ ብሎ አወረደው። ገመዱን ከፈቱ በኋላ የሌዘር መለኪያው ልክ ነው አለኝ። እኔ ግን መሣሪያ ብቻ አላምንም፤ መዳፌን መጋጠሚያው ላይ አሳረፍኩ። ሁለቱ ድንጋዮች የት እንደተገናኙ እጄ መለየት አልቻለም።

«ልክ ነው» አልኩ። ሥራውን ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነበር።

እጄን አንስቼ ወደ ዓምዱ ጀርባ ፈቀቅ አልኩ። ነጩ አቧራ ላይ የመዳፌ ቅርጽ ከነጣቶቹ ታትሞ ቀርቶ ነበር። ሊባኖስ ቀረበ። ሄልሜቱን አወለቀ። አጎነበሰና ያን ቅርጽ ሳመው። ወደ እኔ አልዞረም። ጆሮዬ ጋለ፤ ዓምዱ ቀዝቃዛ ስለነበር ጉንጬን አስጠጋሁት።

ምስር የምትሠራልን ነርስ የመቃኑን መቆም በስልኳ እየቀረጸች ነበር። ያን ዕለት ማታ፣ ኢትዮጵያዊው ወንድማችን በራችንን ሳመልን የሚል ጽሑፍ አክላ፣ በአበባ አጅባ ለጠፈችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ደስ ብሏት ነው። ቪዲዮው ላይ እኔ የለሁም፤ ዓምዱ ከልሎኛል። የእጄ ቅርጽም አይለይም። የሚታየው አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ዲያቆን፣ ግርጌው ላይ ጣዖት የቆመበትን መቃን ተጎንብሶ ሲስም ነው።

በማግስቱ የአማርኛ ጽሑፍ ተጨምሮበት ሮተርዳምን አዳርሶ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠርተው ጠየቁት። ልማድ ነው አላቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ በር ስስም ነው ያደግሁት፤ ደክሞኝ ነበር፣ ሳላስብ ሳምኩ አላቸው። ግማሾቹ አመኑት፤ ማን ያልሳመ አለ? ግማሾቹ ግን ዲያቆን በር ሳይለይ እንዴት ይስማል አሉ። ከአገልግሎት ታገደ። በየእሁዱ ከበሩ ውጭ ቆሞ እንዲያስቀድስ ተፈረደበት። እሱ እንኳን ስለበር ቀለደ፤ አሁን ደግሞ ከትክክለኛው በር ውጭ አቆሙኝ አለኝ። ፊቱ ግን አልቀለደም።

እውነቱን ቢናገር ጣዖት ስመሃል ከመባል ይድን ነበር። ነገር ግን ያን ካልሳምክ ምን ሳምክ ይሉታል። የእጅ ቅርጽ ሲል፣ የማን እጅ ይሉታል። ከዚያ የጴንጤ ሽማግሌ ልጅ እጅ ሊል ነው። እሱ ቅስናው ይቀርበታል፤ እኔ ቤቴ ይፈርስብኛል። ስለዚህ ልማድ የምትለውን ቃል አጥብቆ ያዘ።

እሁድ ዕለት አባቴ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ስለዚያው ቪዲዮ ሰበከ። ስም አልጠራም።

«ሰው በር ሲስም ሲስም ኖሮ፣ የማን በር እንደሆነ መለየት ያቅተዋል» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ውድነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ያንቺ መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት።

«ልጁን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሄልሜት የማያደርግ።»

መዳፌን ጭኔ ላይ ገልብጬ እስከ መጨረሻው መዝሙር ድረስ ሳየው ቆየሁ።

ሊባኖስ፣ እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኛል ማለት ይቻላል። እኛ ስለማንምል፣ እሺ ብቻ ነበር ያልኩት። ለበር ብለው ቢቀጡኝ ያልፋል አለኝ። ለሱ ያልፍ ይሆናል። እኔ ግን ሰው በኔ ምክንያት ደጅ ቆሞ ዝናብ ሲመታው እያየሁ የምተው ሰው አይደለሁም። ከሥራ እንደወጣሁ ሜትሮ ይዤ ካፔለ ወረድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ እናቱ እትዬ ዓለምወርቅ ናቸው። አቧራ የጠጣ የሥራ ጫማዬን አይተው ከየት እንደመጣሁ የገባቸው ይመስለኛል። አስገብተውኝ ወጥ ቤት ገቡ፤ ከዚያም አልወጡም፤ የዕቃ ድምፅም አልተሰማም።

ቄስ አሳምነው ሹራብ ለብሰው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ምን ብዬ እንደምጠራቸው ጨነቀኝ። በእኛ ቤት ቄስ አባ ተብሎ አይጠራም።

«ጋሼ፣ ልጅዎ የሳመው በሩን አይደለም» አልኳቸው።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«እጄ ያረፈበትን ነው።»

እጄን አዩት። ኪሴ ልከተው አስቤ ተውኩት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የወንድይራድ። የሙርዋይኩ።»

ስሙን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። ከአባትሽ ጋር መጀመሪያ እንደመጣን በስደተኞች መጠለያ አንድ ክፍል ተካፍለናል አሉኝ። እሱ ላይኛው አልጋ፣ እኔ ታችኛው። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም እንጸልያለን፤ እሱ እየጮኸ፣ እኔ በልቤ። አንድም ቀን አልተጣላንም፤ ወረቀት አግኝተን ከወጣን በኋላ ግን አንድም ቀን አልተጠያየቅንም አሉ። ይህን አባቴ ነግሮኝ አያውቅም።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይህን ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር። በር ለሳመ ቀኖና አለኝ። ለዚህ የለኝም።»

የነገርኳቸውን ለማንም አልተናገሩም። ለምእመናኑ፣ ልጁ በልማድ ነው የተሳሳተው፣ ቀኖናውን ፈጽሟል፣ ነገሩ ይዘጋ አሉ። ተዘጋ። ሊባኖስ ተመልሶ ገብቶ ቀደሰ። ቤት ውስጥ ግን ለእሱ ሌላ ነገር ነገሩት። በመከር ሊቀ ጳጳሱ ይመጣሉ፤ ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስም፤ ያለ ተክሊልም አያገባም። ልጅቱ ወደ ጥምቀታችን ከመጣች እኔ ራሴ ወንድይራድ እግር ላይ ወድቄ እለምናለሁ፤ ካልመጣች ምረጥ አሉት።

ሊባኖስ እዚያ ሄጄ በመናገሬ ተቆጣኝ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። እኔ አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም አልጸጸትም።

አሁን የምሠራው አምስተርዳም ነው፤ የቦይ ድልድዮችን እንጠግናለን። ባለፈው ክረምት ለስብሰባ ዴንሃግ ሄጄ ትራሙ በቤተ መቅደሱ አጠገብ ሲያልፍ አየሁት። ድንጋዩ ዝናብ ጠጥቶ ጠቆር ብሏል። በሩ ላይ ብጫ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል፤ ደረጃው ላይ የሰዎች ጫማ ተደርድሯል። ሐረጉ ከትራም አይታይም፤ ውስጥ ነው። አልወረድኩም። ነገር ግን የዚያ ነጭ አቧራ ሽታ፣ በዘይት የተሠራው ምስር፣ ከዜማ ጋር የሚወርደው መዶሻ፣ ማዕከላዊ ጣቢያ እስክደርስ ድረስ አብረውኝ ተጓዙ። ሊባኖስ ቀስሷል፤ ሚስትም ልጅም አለው አሉ። ድምፁ ጥሩ ነው ይላሉ። ይህን እኔ ከማንም በፊት አውቃለሁ።

ከሊባኖስ ጋር የተገናኘንበት የመጨረሻው ቀን የምስሉ ዓይን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። የእንጨቱ በር ተሰቅሏል። እኔ የመጨረሻውን ልኬት ልወስድ ገብቻለሁ፤ ሊባኖስ መሣሪያውን ሊሰበስብ። ጋንፓት መስታወቱን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ምስሉ አጠገብ አስቀመጠና፣ ስትጨርሱ ዝጉት ብሎን ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ምስሉ ቆሟል፤ ዓይኑ ባለበት ቦታ ልሙጥ ድንጋይ ነው። አያየንም።

«ክህነቱን እተወዋለሁ» አለኝ።

ብዙ እንዳሰበበት ከድምፁ ያስታውቃል። እኔም አስቤበት ነበር።

«እሁድ ጠዋት ምን ትሠራለህ?»

«ከአንቺ ጋር እሆናለሁ።»

«ከአሥር ዓመት በኋላስ?»

መሮውን በጨርቅ ጠቀለለ።

«ስትሠራ እንደምታንጎራጉር አንተ አትሰማም፤ እኔ ነኝ የምሰማህ» አልኩት። «ያን ስትተው ዝም ያለ ሰው ነው የምትሰጠኝ። አጠገቤ ተቀምጦ እሁድ እሁድ ሰዓት የሚያይ ሰው። አልፈልገውም።»

«አንቺስ? ብትጠመቂ…»

«ለአንተ ብዬ እጠመቃለሁ፤ ለእግዚአብሔር ብዬ ግን አይሆንም። አባትህ ያውቁብኛል። አንተም ታውቅብኛለህ።»

«ምን ያስቸኩልሻል፣ ፀዲ? ትንሽ እንቆይ።»

«የት እንቆይ? ከነገ በኋላ የት ነው የምንገናኘው? ቦታ ንገረኝ።»

ከልቡ አሰበ። በሐሳቡ ገበያውን፣ ሜትሮውን፣ የባሕሩን ዳር ሲዞር ከፊቱ አየሁት።

«ባሕሩ ዳር…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም።

ውሃ ልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አቧራው ተጠርጎ ስለነበር የእጄ ቅርጽ የለም፤ ቦታውን ግን መጋጠሚያው ያስታውቃል፤ እኔ ነኝ የለካሁት። በሕይወቴ በር ስሜ አላውቅም። እንዴት እንደሚሳም እንኳን በደንብ አላውቅም። ግንባሬን ነው መጀመሪያ ያስነካሁት፤ ከዚያ ከንፈሬን። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አለ ከኋላዬ።

«ልማድ ነው» አልኩት።

ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።